የአባቴን የጠረጴዛ ካልኩሌተር ውስጡን በዘመናዊ ቦርድ ልቀይር ወይስ ያለውን ልጠግን?

ጥያቄ፤ የሂሳብ ያዡ ልጅ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ፣ አዳማ ናዝሬት ትባል በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ የእህል ንግድ ቤት ሂሳብ ያዥ ሆነው ሲሠሩ ይጠቀሙበት የነበረ የጠረጴዛ ካልኩሌተር አለ፤ ንግድ ቤቱ ሲዘጋ በቀሪ ደመወዛቸው ፋንታ ተሰጥቷቸው ወደ ቤት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ በጆንያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ወር ቤት ስናጸዳ አወረድኩት። ጃፓን የተሠራ ነው፤ የሞዴሉ ጽሑፍ ግን ተፍቆ አይነበብም። ቁጥሮቹን የሚያሳየው በ12 የኒክሲ ቱቦዎች ነው፤ ማለትም በእያንዳንዱ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በቀጭን ሽቦ ተቀርጸው ተደራርበዋል፣ የተፈለገው ብቻ በብርቱካናማ ብርሃን ይበራል። ከኋላው ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 220 ላይ መሆኑን አረጋግጬ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ በራ።

ችግሩ እንዲህ ነው። መደመር በትክክል ይደምራል፤ ማባዛትም እስካሁን አልሳተም። መቀነስ ላይ ግን 5 ሲቀነስ 3 ስለው 2 ይሰጠኝና የነጌቲቭ ምልክቷ መብራት ትበራለች፤ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ ሁልጊዜ ምልክቱን ይገለብጠዋል። ማስታወሻው ውስጥ ያስቀመጥኩት ቁጥር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስጠራው ሌላ ቁጥር ሆኖ ይመጣል። ከግራ አምስተኛው ቱቦ ጭራሽ አይበራም። ማሽኑ ለ10 ደቂቃ ያህል ከበራ በኋላ ደግሞ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ የአዳማ ሙቀት ሲበረታ፣ ቁጥሮቹ ማንም ሳይነካቸው መዝለል ይጀምራሉ።

ከፍቼ ስመለከት ሦስት ቦርዶች፣ ብዙ ትራንዚስተሮችና ከ20 በላይ ቺፖች አገኘሁ፤ የቺፖቹን ቁጥር ፈልጌ አንዱንም የሚሸጥ አላገኘሁም። ስለዚህ ያሰብኩት የሂሳብ ቦርዶቹን አውጥቼ፣ ቁልፎቹንና ቱቦዎቹን ብቻ አስቀርቼ፣ ሥራውን ለአንድ ዘመናዊ ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራም ለሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ፣ መስጠት ነው። ይህ አዋጭ ነውን? ከሆነ በ5 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ከ170 እስከ 180 ቮልት የሚፈልጉትን ቱቦዎች እንዴት ያዛል? የሠራችሁት ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፤ የማይክሮኮንትሮለር ወዳጅ (ሐዋሳ)

ይቻላል፤ እኔም ሐዋሳ ውስጥ አንድ የሞተ የጠረጴዛ ካልኩሌተር በዚህ መንገድ አስነስቻለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎት።

በመጀመሪያ የማሽንዎን ዕድሜ ይወቁ። ቺፖቹ ላይ ከስማቸው ሌላ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ታትሞ ከሆነ፣ ለምሳሌ 7112 የሚል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርዎት ቺፑ እ.ኤ.አ. በ1971 በ12ኛው ሳምንት መመረቱን ነው። ይህ የሚጠቅመው ለወግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የእንግሊዞቹ አኒታ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ ነበር፤ በ1964 በትራንዚስተር ብቻ የሚሠሩት መጡ፤ እነዚህ ቢበላሹ ክፍሉ በነጠላ ስለሚቀየር ይጠገናሉ። በ1969 የወጣው ሻርፕ ኪውቲ 8ዲ ግን ሂሳቡን በሙሉ በአራት ትልልቅ ቺፖች ውስጥ አስገባው፤ በ1971 ደግሞ ኢንቴል 4004 ቡዚኮም 141ፒኤፍ በተባለ ካልኩሌተር ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ለአንድ ማሽን ብቻ ተብሎ የተሠራ ቺፕ ከሞተ ምትኩን ማግኘት የሚቻለው ሌላ ተመሳሳይ ማሽን ታርዶ ሲገኝ ብቻ ነው። የዘመናዊ ቦርድ አስፈላጊነት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቮልቴጁ የጠየቁት መልሱ ቀላል ነው፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ፈጽሞ አይነካውም። የቁጥሮቹን ሽቦዎች፣ ማለትም ካቶዶቹን፣ ወደ መሬት የሚያወርድ ሌላ ቺፕ በመካከል ይገባል። ለዚህ የተሠራው 74141 ነበር፤ እሱ ቢጠፋም የሶቪየቶቹ ኬ155አይዲ1 ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ከማይክሮኮንትሮለሩ በአራት ሽቦ ቁጥሩን ተቀብሎ ከ10 ካቶዶች አንዱን ይመርጣል። ይህም ካልተገኘ እስከ 300 ቮልት የሚችለው ኤምፒኤስኤ 42 የተባለ ትራንዚስተር ለእያንዳንዱ ካቶድ አንድ ሆኖ ይገባል፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ቱቦው በሚገባበት በአኖዱ በኩል ደግሞ ጥንዱ ኤምፒኤስኤ 92 ይቆማል። የኒክሲ ቱቦ አንዴ ከበራ በኋላ በሁለት ጫፎቹ መካከል 140 ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ አቅርቦትዎ 180 ከሆነና 2 ሚሊአምፐር እንዲያልፍ ከፈለጉ፣ የቀረው 40 ቮልት ለ0.002 አምፐር ሲካፈል 20 ኪሎኦም ስለሚሆን በአኖዱ ላይ የሚገባው ሬዚስተር እሱ ነው። ይህ ግን ቱቦው ሳያቋርጥ ሲበራ ነው። የእርስዎ 12 ቱቦዎች ተራ በተራ የሚበሩ ከሆነ እያንዳንዱ ከጊዜው 1/12ኛውን ብቻ ስለሚያገኝ፣ ለዚያች አፍታ የሚያልፈው ከረንት ከፍ ሊል ይገባል።

በሴኮንድ 100 ዙር ቢያስኬዱ ለአንድ ቱቦ የሚደርሰው 833 ማይክሮሰከንድ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሰከንዱን ሁሉንም አጥፍተው ይለፉት፤ አለዚያ የአንዱ ቱቦ ቁጥር በጎረቤቱ ላይ እንደ ጥላ ይታያል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሶፍትዌሩን ስመረምር ከርሜያለሁ።

ለሂሳቡ ደግሞ ኤቲሜጋ 328ፒ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ከላይ ካልኳቸው ቺፖች ጋር ያለ አስተርጓሚ ይግባባል፤ 32 ኪሎባይት ማከማቻውም ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን በተለመደው የነጥብ ቁጥር አያስሉ። በዚህ ቺፕ ላይ ትልቁ የነጥብ ቁጥር በ32 ቢት የሚቀመጥ ስለሆነ ትክክል የሚሆነው ለ7 አሃዝ ያህል ብቻ ነው፤ እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ 16,777,217 ብዬ ሳስገባ ማሽኑ 16,777,216 ብሎ መለሰልኝ። ባለ 12 አሃዝ ካልኩሌተር አንድ ብር ሲያጎድል ከማየት አለመሥራቱ ይሻላል። ስለዚህ እያንዳንዱን አሃዝ ለብቻው አስቀምጠው፣ በወረቀት ላይ እንደምንሠራው ከቀኝ ወደ ግራ እየተያዘ እንዲደመር ያድርጉት፤ የጥንቶቹም የሚሠሩት እንዲሁ ነበር።

ቁልፎቹ ከሥራቸው ማግኔትና በብርጭቆ የታሸገ መገናኛ ያላቸው ከሆኑ ዕድለኛ ነዎት፤ አቧራ ስለማይገባባቸው ዛሬም ይሠራሉ። 25 ቁልፍ ከሆነ በ5 ረድፍና በ5 ዓምድ ተነድፎ በ10 ሽቦ ይነበባል፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ 1ኤን4148 ዳዮድ ይጨምሩ፣ ከተጫነ በኋላም ለ10 ሚሊሰከንድ ይጠብቁት፤ አለዚያ አንዱ ጭነት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የድሮውን ቦርድ አይቁረጡት። አዲሱን በድሮው ቦርድ መሰኪያ ልክ ያሠሩትና አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባ ይሁን፤ የድሮውን በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ።

መልስ፤ አሮጌ ራዲዮ ጠጋኝ (አዳማ)

ከሐዋሳ የጻፉት ወንድሜ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሽታው ሳይታወቅ ልብ የሚቀየርለት ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ይህም ማሽን ገና አልተመረመረም። ጠያቂው የጻፈውን ደግማችሁ አንብቡ፤ መደመር ይደምራል፣ ማባዛት ያባዛል። ሂሳብ የሚሠራው ክፍል የሞተ ማሽን ይህን አያደርግም። ሲሞቅ የሚዘላብድ፣ ማስታወሻውን የሚረሳ ማሽን ሲገጥመኝ እኔ በመጀመሪያ የማየው የኃይል አቅርቦቱን ነው።

የዚያ ዘመን ቺፖች ብዙዎቹ የሚፈልጉት እንደ ዛሬው 5 ቮልት ሳይሆን 24 ቮልት የሚጠጋ ነጌቲቭ ቮልቴጅ ነው። ቁጥሩን የሚያስቀምጡትም ሳይቋረጥ በማዞር ነው፤ ቢቶቹ በተርታ እንደ ሰልፈኛ እየተገፉ ይዞራሉ፤ የሚገፋቸው ምት አቅም ሲያንሰው ከሰልፉ መሐል አንዱ ይወድቃል፣ የተቀመጠው ቁጥርም ሌላ ይሆናል። አቅም የሚያሳጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ እየያዘ ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ክፍል፣ ነው። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይርቅም።

ወንድሜ፣ ከእንግዲህ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። ባለ 60 ዋት የክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገባና በእሱ በኩል አብራው፤ አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ደምቆ ከቀረ ግን ውስጥ የተገናኘ ነገር ስላለ ወዲያው ንቀለው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ የክሩ አምፖል ግን በገበያችን ላይ ከኒክሲው ባልተናነሰ ብርቅ እየሆነ ስለመጣ ካገኘህ ሁለት ግዛ። ከነቀልክም በኋላ የ180 ቮልቱ ካፓሲተር ቻርጁን ይዞ ስለሚቆይ፣ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር አፍስሰህ በቴስተር ዜሮ መሆኑን ሳታይ እጅህን አታስገባ። በምትለካበት ጊዜም አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን።

የማይበራው ቱቦ ከመሞቱ በፊት መሰኪያው ይጠረጠር። ቦርዱን አውጣና ጠርዙ ላይ ያሉትን የመገናኛ ጣቶች በእርሳስ ላጲስ ፈግፍጋቸው፣ ከዚያም በአልኮል ጥረጋቸው። የቱቦው እግሮች ከቦርዱ ጋር የተበየዱበትንም ስታኞ ተመልከት፤ ዙሪያውን የተሰነጠቀ ቀለበት ካየህ እንደገና አቅልጠው። በካውያ ስትሠራ ግን አትቆይበት፤ የዚያ ዘመን ቦርድ ሲሞቅ መዳቡ ይላቀቃል።

የመቀነሱን ነገር ግን እኔም አልገባኝም።

መልስ፤ ጡረተኛዋ (አዳማ)

ልጄ፣ የመቀነሱን እኔ ልንገርህ፤ ካውያም አያስፈልገውም። ቁልፎቹን ደህና አድርገህ ተመልከት፤ የመደመር ምልክቱና የእኩል ይሆናል ምልክቱ አንድ ቁልፍ ላይ፣ የመቀነሱና የእኩል ይሆናሉ ደግሞ ሌላ ቁልፍ ላይ አብረው የተጻፉ አይደሉምን? ከሆኑ ማሽንህ አልተሳሳተም። እኛ ሂሳብ ክፍል ውስጥ የሠራንባቸው ማሽኖች ቁጥሩን አስቀድመው ምልክቱን የሚያስከትሉ ነበሩ፤ ልክ በመዝገብ ላይ መጠኑን ጽፈን ገቢ ወይም ወጪ እንደምንለው ማለት ነው። አንተ 5 ብለህ የመቀነሱን ቁልፍ ስትጫን ማሽኑ የገባው 5 ወጪ ተደረገ ማለት ነው፤ ቀጥለህ 3 ብለህ የመደመሩን ስትጫን 3 ገቢ ሆነ፤ ውጤቱም ከነጌቲቩ 2 ነው። 5 በል፣ የመደመሩን ተጫን፤ 3 በል፣ የመቀነሱን ተጫን፤ 2 ብሎ ይሰጥሃል፣ መብራቷም አትበራም።

እኔ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ማሽኔን የምፈትንበት መንገድም ነበረኝ። 111111 በ111111 ሲባዛ 12345654321 ይመጣል፤ ቁጥሩ እንደ ተራራ ወጥቶ ስለሚወርድ የተሳተ አሃዝ ካለ ሳትቆጥር ታየዋለህ። ሁለተኛው 12345679 ነው፤ 8ቷ የለችበትም፣ ልብ በል። ይህን በ9 ብታባዛው ዘጠኝ ጊዜ 1፣ በ18 ብታባዛው ዘጠኝ ጊዜ 2፣ በ27 ዘጠኝ ጊዜ 3 እያለ እስከ 81 ድረስ ይሄዳል። የነጥብ መምረጫውን ዜሮ ላይ አድርገህ ሞክር፤ የትኛው መብራት የትኛውን ቁጥር እንደሚያጎድል በአንድ ደቂቃ ታውቃለህ።

መልስ፤ የሂሳብ ያዡ ልጅ (አዳማ)

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁልፎቹ ልክ እንዳሉት ናቸው። 5 የመደመሩን፣ 3 የመቀነሱን ተጫንኩ፤ 2 ሆነ። አንድ ወር ሙሉ ደህናውን ማሽን ስከስሰው ኖሬአለሁ፤ አባቴ በሕይወት ኖረው ይህን ቢሰሙ ኖሮ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ጋሼ፣ በእርስዎም ምክር መሠረት የክር አምፖል ፈልጌ አገኘሁ፤ ማሽኑንም በእሱ በኩል አበራሁት፤ ለአፍታ ደምቆ ደበዘዘ። ከዚያም አምፖሉን አውጥቼ ለካሁ። ቦርዱ ላይ ነጌቲቭ 24 ተብሎ በተጻፈበት ነጥብ ላይ ያገኘሁት 19.2 ሲሆን፣ ማሽኑ ከሞቀ በኋላ 18 አካባቢ ወረደ። አንድ የማውቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቮልቴጅን መወዛወዝ በስክሪን የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ይዞ መጥቶ ሲያየው መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚወዛወዝ ሆኖ ተገኘ፤ ተማሪውም ይህ ከ50 ኸርዝ መብራታችን ተስተካክሎ ያልተጣራው ሞገድ እንደሆነ ነገረኝ። ባለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት የነበረውን ካፓሲተር አውጥቼ በተመሳሳይ መጠን፣ ግን 50 ቮልትና 105 ዲግሪ በሚችል አዲስ ተካሁት። አዲሱ የድሮውን ግማሽ ስለማያክል በቦታው ላይ እንደ ልጅ በአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል። ቮልቴጁ 23.8 ሆነ፤ ለሁለት ሰዓት ክፍት ባደርገውም አልዘለለም፤ ማስታወሻውም ያስቀመጥኩትን ይመልስልኛል። ሌሎቹንም ካፓሲተሮች በዚሁ ሳምንት እቀይራቸዋለሁ።

አምስተኛው ቱቦ በላጲሱ በራ። ነገር ግን በእትዬ ፈተና ሳየው 3ን ሲያሳይ የታችኛው ግማሽ ብቻ ይበራል፤ ሌሎቹ ቁጥሮች በእሱ ላይ ሙሉ ናቸው። ይህን ቱቦ በሌላ መቀየር ይኖርብኛልን?

መልስ፤ አሮጌ ራዲዮ ጠጋኝ (አዳማ)

አትቀይረው። ብዙ ጊዜ ያልበራ ካቶድ ላይ፣ ጎረቤቶቹ በሚበሩበት ጊዜ ከእነሱ የሚረግፍ ብናኝ ተጋግሮበት ነው። መድኃኒቱ ያንኑ ቁጥር ማብራት ነው፤ ብርሃኑ ራሱ ያራግፈዋል። ከረንቱን በመጠኑ ከፍ አድርገው የሚያፋጥኑት አሉ፤ አንተ ግን 12345679 በ27 አባዛና 333333333 ላይ ተወው፤ አጠገቡ ተቀምጠህ ሌላ ሥራህን ሥራ። ቀናት ሊወስድ ይችላል።

መልስ፤ የማይክሮኮንትሮለር ወዳጅ (ሐዋሳ)

ተረትቻለሁ፤ በደስታም ነው። ለዚህ ማሽን ማይክሮኮንትሮለር አያስፈልገውም ነበር። እኔ የቸኮልኩት የራሴ ማሽን አንዱ ትልቅ ቺፕ በእርግጥ ሞቶ ስለነበረ ነው፤ ቮልቴጁ ሁሉ ልክ ሆኖ፣ ምቱም ደርሶት፣ ከእግሮቹ አንዳች አይወጣም ነበር። ልዩነቱን ለሌሎች አንባቢዎች ለማስቀመጥ ያህል፣ ውስጡን መቀየር የሚገባው እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ሲገኝ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አይደለም።

ቢሆንም አሁን ማሽኑ ደህና ሳለ ቢያደርጉት የምመክረው ነገር አለ። ጠባዩን ይመዝግቡ። አንድን ቁጥር ለዜሮ ሲካፈል ምን ያደርጋል? ከ12 አሃዝ ሲያልፍ የትኛው መብራት ይበራል? የማጠጋጊያው መምረጫ 5ን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚያደርገው? ሲያካፍል ቁጥሮቹ ለምን ያህል ጊዜ ይርገበገባሉ? እኔ ማሽኔን ያገኘሁት ከሞተ በኋላ ስለነበር አዲሱ ቦርድ ላይ እነዚህን ሁሉ በግምት ነው የጻፍኳቸው፤ ሂሳቡ ልክ ነው፣ ማሽኑ ግን የራሱን አመል ያጣ ይመስለኛል። ማካፈሉ በቅጽበት ስለሚያልቅ፣ የድሮውን እንዲመስል ብዬ ሆን ብዬ ያዘገየሁትም በግምት ነው። የእርስዎ ተመዝግቦ ከቆየና አንድ ቀን ቺፑ ቢሞት፣ የሚሠራው ምትክ ቦርድ በእርግጥ የአባትዎ ካልኩሌተር ይሆናል። የቦርዱን ንድፍ በዚያን ጊዜ እኔው እልክልዎታለሁ።

መልስ፤ የሂሳብ ያዡ ልጅ (አዳማ)

መዝገቡን በአባቴ አሮጌ የሂሳብ ደብተር ባዶ ገጾች ላይ ጀምሬዋለሁ። ለዜሮ ሲካፈል ቁጥሮቹ ያለማቋረጥ ይሽከረከራሉ፤ የማጥፊያውን ቁልፍ እስኪጫኑ ድረስም አይቆሙም። ማጠጋጊያው 5ን ወደ ላይ ያደርጋል። ያወጣሁትን ካፓሲተር ከነቀኑ በፖስታ አሽጌ ክዳኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ማሽኑ ሱቄ ውስጥ ባንኮኒው ላይ በ333333333 ከበራ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ማታ ማታ አጠፋዋለሁ። የአምስተኛው ቱቦ 3 ከላይ በኩል አንዲት ጥፍር የምታህል ብቻ ቀርታዋለች።